ለጅቡቲ ተሸኝተን ዓባይ ማዶ ገባን

እኔ ተወልጄ ባደግሁበት አገር ሰው መንገድ ሲሄድ ጫማውን ያደርጋል፣ በሩን ይቆልፋል፣ ይሄዳል። በቃ። «እገሌ የት አለ?» ብሎ የጠየቀ ካለ «ሄዷል» ይባላል። ባሕር ዳር ከገባሁ ወዲህ ግን አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ እዚህ ሰው አይሄድም፣ ይሸኛል እንጂ። መሄድና መሸኘት ደግሞ፣ ወላሂ፣ ለየቅል ናቸው። ለመሄድ እግር ይበቃል። ለመሸኘት ሆድም፣ እንባም፣ ትልቅ ሻንጣም ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀች የሰው አገር ሴት ምን እንደሚደርስባት እኔን አይታችሁ ተማሩ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። እኔ የጅቡቲ ልጅ ነኝ። አባቴ የመናዊ ነበር። እናቴ፣ ኡሚ ነው የምላት፣ ድሬዳዋ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ ጅቡቲ የተሻገረች ጨርቅ ነጋዴ ናት። አማርኛውንም ያገኘሁት ከእሷ ነው፤ ያውም የድሬዳዋውን፣ አሁን ጎጃም ገብቶ መልኩ የጠፋውን። በደርግ ጊዜ ነው፣ ሰይድ የሚባል የወረታ ነጋዴ ልጅ፣ ባሕር ዳር ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ መካኒክ፣ የማሽን መለዋወጫ ከወደብ እንዲያወጣ ተልኮ መጣ። ዕቃው ቶሎ አልወጣም። ሰውዬው በየቀኑ ከኡሚ ሱቅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። እኔ ውኃ አቀብለዋለሁ። እሱ «ጀዛከላህ» ይላል። ውኃው በዛ፣ ጀዛከላሁም በዛ፣ መጨረሻ ላይ መለዋወጫውንም እኔንም ይዞ ተመለሰ።

ገና ሳንጋባ ስለ አገሩ ሲያወራልኝ «ቤታችን ውኃ ዳር ነው» ብሎኝ ነበር። እኔ የወደብ ልጅ ነኝ፤ ለእኔ ውኃ ማለት መርከብ ማለት ነው። ኡሚ በናፈቀችኝ ቀን ተሳፍሬ ከች እላለሁ ብዬ አስቤ እርፍ አልሁ። መጥቼ ጣናን ሳየው፣ አልዋሽም፣ ሰፊ ነው፣ ያምራል።

«መርከቡ ከየት ነው የሚነሣው?» አልሁት ሰይድን።

«እዚሁ ነው። ጎርጎራ ድረስ ይሄዳል።»

«ከጎርጎራስ?»

«ከጎርጎራማ ተመልሶ ይመጣል።»

ያን ቀን ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ሰይድ ደንግጦ ዓሳ ገዛልኝ።

ከዚያ አረገዝሁ። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ በዚህ ጅቡቲም፣ ወረታም፣ ባሕር ዳርም አንድ ቃል ናቸው። ሴት ሆዷ ሲገፋ ወደ እናቷ ትሄዳለች፣ እዚያ ትወልዳለች፣ አርባዋን ጨርሳ ትመለሳለች። እኔ ደግሞ ከሥርዓቱም ሌላ ፈርቼ ነበር። ምጥ የሚባለው ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር «ኡሚ!» እላለሁ። ኡሚ ከጎኔ ቆማ እጄን ከያዘችኝ ግን ምንም የማይመጣብኝ ይመስለኛል። እናቴን ፈለግሁ፣ ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ሐኪሙም «ይህ ወር ካለፈ መንገድ የሚባል የለም፣ ብትሄጂ አሁን ሂጂ» ብሎኛል።

ይሄ እንግዲህ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ለመሄድ እንኳ የቀበሌ ይለፍ የሚያስፈልግበት ጊዜ ነው። ለጅቡቲ ደግሞ የመውጫ ቪዛ፣ ለእኔ ለውጭ ዜጋዋ የመመለሻ ፈቃድ፣ ለሰይድ ደግሞ እኔን ሊያደርስ ሄዶ በዚያው እንዳይቀር ዋስ። ዋስ የሆኑለት ጋሽ ወርቁ ናቸው። ሹም አቦ ሰፈር በአንድ ግቢ የምንኖር፣ ከሰይድ ጋር በአንድ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ቀጭን፣ ሲስቁ እንኳ የሚጨነቁ ሰው ናቸው። ከፈረሙ ወዲህ ጧት ጧት ብስክሌታቸውን እየገፉ በመስኮታችን ብቅ ይላሉ።

«ሰይድ፣ ትመለሳለህ አይደል?»

«እመለሳለሁ ጋሼ።»

«እሱማ ትመለሳለህ። እንዲያው ለነገሩ ነው።»

ማታ ከሥራ ሲገቡም ይኸው ነው። እኔማ አንዳንድ ቀን ጅቡቲ የምሄደው ከዚህ ጥያቄ ለመገላገል ይመስለኝ ነበር።

ወሬው ሰፈር ውስጥ ወጣ። ያወጡት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። እትዬ ጥሩነሽ የዕድሩ ዳኛ አይደሉም፤ ዳኛውን የሚያዝዙት ግን እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን በርበሬ የሞላ ጆንያ አሸክመው መጡ።

«የወንድሜ ልጅ ጅቡቲ ገብቷል አሉ። ይችን አድርሺልኝ፣ አደራ።»

«እሺ እትዬ። የት ሰፈር ነው የሚኖረው?»

«እሱን አላውቅም። ወደቡ ላይ ረዘም ያለ፣ ፍንጭት ልጅ ብለሽ ጠይቂ። ሲስቅ ደስ ይላል።»

በዚህ ምልክት ከሆነ ግማሹ ጅቡቲ የእትዬ ጥሩነሽ ዘመድ ነው። ግን ምን ይባላል? ተቀበልሁ። እሳቸው በወጡበት በር ሌላዋ ሽሮ ይዛ ገባች። ቅቤ መጣ፣ ቋንጣ መጣ፣ የዘጌ ሎሚ በዘንቢል መጣ። አንዲት ደግ ሴት ጠበል በጠርሙስ ሰጡኝ፤ «ለማን ላድርስልዎ?» ብላቸው «ለታመመ ሁሉ» አሉኝ። ከሁሉ ከሁሉ አንዷ ጎረቤቴ፣ ስሟን አልጠራም፣ የደረቀ የጣና ዓሳ ይዛ መጣች። ለጅቡቲ! እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ ለሚኖር ሕዝብ ዓሳ! ሳቄ ሲያመልጠኝ ተቆጣች። «የእኛ ይጣፍጣል» አለችኝ። ተቀበልሁ። አደራ እምቢ አይባልም።

ሰይድ ወረቀቶቹን ሁሉ፣ ፓስፖርቱንም ይለፉንም ቪዛውንም፣ በላስቲክ ጠቅልሎ «ደህና ቦታ አስቀምጪልኝ» አለኝ። እኔ ሞኟ ደህና ቦታ ያልሁት የሻንጣውን ታች ነበር። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ በላዩ ላይ ተጫነበት።

ሽኝቱን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! አንዱን በግ የሰይድ አጎት በቢስሚላህ አረዱ፣ ሌላውን ጋሽ ወርቁ በስመአብ ብለው አረዱ። ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት ወገን ሆኖ ተበላ፤ ለቅሶው ላይ ሲደርስ ግን አንድ ሆንን። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀሩ መጥተው ስለ ጎረቤት ሕዝቦች ወዳጅነት ትንሽ ተናገሩና ቁጭ ብለው ደህና አድርገው በሉ። ሽማግሌዎቹ ቆመው መረቁን። «በሰላም ግቢ፣ በሰላም ተገላገዪ፣ እናትሽን በደስታ አግኚ!» «አሜን!» እትዬ ጥሩነሽ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው ተንሰቀሰቁ። እኔም ተንሰቀሰቅሁ። የምሄደው ወደ እናቴ ነው፣ ምን እንዳስለቀሰኝ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሲለቀስ ያለቅሳሉ እንጂ ምን ይደረጋል!

በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙን። ጋሽ ወርቁ በአውቶቡሱ መስኮት አንገታቸውን አስገብተው «ትመለሳለህ አይደል?» አሉ። አውቶቡሱ ተነሣ። እስኪሰወሩብን ድረስ እጃቸውን ያውለበልባሉ።

ሩቅ አልሄድንም። ከከተማው መውጫ ኬላ አለ። ወታደሩ ገብቶ «ይለፍ!» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሰበዝ የመምዘዝ ያህል በቀላሉ ከኪሱ አወጣ። ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ጣሪያው ቀና አልሁ። ሻንጣው አውቶቡሱ አናት ላይ ነው።

ረዳቱ እያጉረመረመ ወጣ። ጆንያ ያወርዳል፣ ዘንቢል ያወርዳል፣ ሻንጣው አይመጣም። አንዱን ጆንያ ሲወረውረው መሬት ላይ ፈነዳ። የእትዬ ጥሩነሽ በርበሬ ነበር። ነፋሱ ደግሞ ጠላት ይመስል ወደ እኛ ነው። ወታደሩ አነጠሰ፣ አለቃው አነጠሰ፣ ተሳፋሪው እየተቀባበለ አነጠሰ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ወታደሩ ዓይኑን እያሸ።

«በርበሬ ነው።»

«ይሄስ?»

«እሱም በርበሬ ነው።»

«ይሄኛውስ?»

«ዓሳ።»

«ወዴት ልትወስጂው ነው?»

«ጅቡቲ።»

ወታደሩ ማነጠሱን ትቶ አየኝ። «ጅቡቲ ባሕር የለም እንዴ?» አለ። ምን ብዬ ልመልስለት? «የእኛ ይጣፍጣል» አልሁት።

ሾፌሩ ጡሩንባውን ይነፋል። ተሳፋሪው «ሳይመሽ የዓባይን በረሃ እንሻገር፣ ጥለናቸው እንሂድ!» ይላል። ሰይድ ሻንጣው ውስጥ እስከ ክንዱ ገብቶ ሽሮውን እየዛቀ «አገኘሁት! አገኘሁት!» ብሎ ላስቲኩን ይዞ ብድግ ሲል አውቶቡሱ የለም። ሽሮ በሽሮ ሆኖ፣ ይለፉን ከፍ አድርጎ፣ ለባዶው መንገድ ያሳያል። የእግዜር ፍርድ፣ ወታደሩ ግን ተቀብሎ አየለትና «ትክክል ነው፣ ማለፍ ትችላላችሁ» አለን።

እንግዲህ ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? ቤቱ ይመለሳል፣ አድሮ በነጋታው ይሄዳል። ቤታችን እዚያው ነው፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው።

«በምን ዓይናችን?» አለ ሰይድ።

«ማለት?»

«ትናንት በግ አርደው፣ ዛሬ አልቅሰው የሸኙንን ሰዎች ምሳ ሰዓት ላይ ‹ደህና ዋላችሁ› ልንላቸው ነው? በልተን፣ ጠጥተን፣ ተመርቀን?»

እኔ ጫማ አድርጎ ከሚሄድ አገር የመጣሁት ሴት «ታዲያ ምን አለበት?» ማለት ነበረብኝ። ግን እትዬ ጥሩነሽ ሲንሰቀሰቁ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ፤ ያን ሁሉ እንባ ምን ብዬ ልመልሰው? እኔም አፈርሁ። ለካ ሳላውቀው የባሕር ዳር ሰው ሆኛለሁ።

«ዓባይ ማዶ አክስቴ ዘንድ እንደር። ለዛሬ ብቻ ነው» አለ ሰይድ።

አክስቱ ዘይነባ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ካልጠየቋቸው የማይናገሩ ሴት ናቸው፤ ለመደበቅ እንደ እሳቸው ቤት የሚሆን የለም። ችግሩ ኬላው በአዲስ አበባ በኩል ነው፣ ዓባይ ማዶ ደግሞ በጎንደር በኩል፣ ከተማውን መሃል ለመሃል ማለፍ ግድ ነው። ጋሪ ተከራየን። እኔ ከጆንያዎቹ መሃል በጀርባዬ ተጋደምሁ፤ ሰይድ ጋቢውን ከራሴ እስከ እግሬ አለበሰኝና እሱም ተከናንቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሆዴ ብቻ ከጋቢው ሥር ጉብ ብሏል።

«በሽተኛ ናት እንዴ?» አለ ባለጋሪው።

«አዎ» አለ ሰይድ፣ ወሬ ለማሳጠር ብሎ።

ባለጋሪው ደግ ሰው ኖሮ ፈረሱን መትቶ ሽምጥ ወደ ሆስፒታል አዞረው።

«ኧረ ተወው! ተሽሏታል!» ይላል ሰይድ ልጓሙን እየያዘ።

«እንዴት ባንዴ ተሻላት?»

«ተሽሎኛል!» አልሁ ከጋቢው ሥር። ባለጋሪው አማተበና ወደ ድልድዩ መለሰው።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ የብስክሌት ደወል ሰማሁ። ሰይድ በሹክሹክታ «ጋሽ ወርቁ ናቸው፣ እንዳትተነፍሺ» አለኝ። አልተነፈስሁም። በርበሬው ግን አፍንጫዬ ሥር ነው። እንደምንም ያዝሁ፣ ያዝሁ፣ አልሆነልኝም፤ ድልድዩን የሚያናውጥ ማነጠስ አነጠስሁ። ጋሽ ወርቁ ሳይዞሩ «ይማርሽ!» ብለው አለፉ።

በማግስቱ ሰይድ ማልዶ አውቶቡስ ሊጠይቅ ወጣ። ዝናቡ የበረሃውን መንገድ ንዶ ዘግቶታል፣ እስኪጠረግ አውቶቡስ የለም ብለውት ተመለሰ። «ነገ ይከፈታል» አለኝ። ነገም አልተከፈተም። ከነገ ወዲያም አልተከፈተም። ቀን በቀን ላይ ተደረበ፣ ሆዴም ገፋ።

አሁን ወደ ቤት መመለስ የባሰ አስቸጋሪ ሆነ። መጀመሪያ ቀን ብንመለስ «አውቶቡስ አመለጠን» እንላለን። አሁንስ? ሰይድ ጢሙን አሳደገ። እኔ አመሻሹ ላይ ተከናንቤ ወንዙ ዳር ወጣ እላለሁ። የማየው ጉማሬዎቹን ነው፤ እነሱም እንደ እኔ ሆዳቸውን ይዘው ውኃ ውስጥ ተደብቀው አፍንጫቸውን ብቻ ያሳያሉ። አክስት ዘይነባ የሁለት እንግዳ ቀለብ ከየት ያምጡ? መጀመሪያ ዓሳውን አበሰልነው። ከዚያ ቋንጣውን፣ ከዚያ ሽሮውን። አደራ በላ ሲባል እሰማ ነበር፣ በቅቤ አቁላልቶ የበላ ግን ከእኛ በፊት ያለ አይመስለኝም። ዓሳውስ እውነትም ይጣፍጣል።

ኡሚ ግን ከሐሳቤ አትወጣም። ባቡር በገባ ቁጥር ጣቢያው ላይ ቆማ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ።

«ሄደህ ደውልላት» አልሁት ሰይድን።

«ቴሌ የምትሠራው የእትዬ ጥሩነሽ የእህት ልጅ አይደለችም? እኔን ካየች ከተማው ሰማ ማለት ነው።»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። «ከተማው ይስማ! አንተ ለሽኝት ታፍራለህ፣ እኔ በሰው አገር ያለ እናቴ ልወልድ ነው! ወሩ እኮ አለቀ!» ብዬ ጮኽሁበት። እሱም አንገቱን ደፋ። «ነገ ቤታችን እንገባለን፣ የመጣው ይምጣ» አለኝ። ጅቡቲ እንደማልደርስ ያን ጊዜ ቁርጡን አወቅሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስሁ።

በማግስቱ ልንነሣ ስንሰናዳ አክስት ዘይነባ ከገበያ ገቡ። ዘንቢላቸውን አስቀመጡ፣ ተቀመጡ፣ ቆዩና «እናንተ ግቢ ድንኳን ተተክሏል» አሉ።

«የምን ድንኳን?»

«የዕድሩ ነዋ። ሰው ሞልቶበታል። ለቅሶ ይሰማል።»

«ማን ሞቶ?»

«እኔ ምን ብዬ ልጠይቅ? ብጠይቅ ስለ እናንተ ይጠይቁኛል።»

ሰይድ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። በግቢው ውስጥ ያለነው እኛና ጋሽ ወርቁ ብቻ ነን።

«ጋሽ ወርቁ ናቸው» አለ። «ዋስ ሆነውልኝ በጭንቀት ሞቱ። እኔ ነኝ የገደልኋቸው።»

ተያይተን ተነሣን። ተሸኝቶ መመለስ ያሳፍራል፣ እውነት ነው። ለቅሶ መቅረት ግን አይታሰብም፤ ያውም የጋሽ ወርቁን! ሰይድ ጋቢውን ተከናነበ፣ እኔ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፣ እየተጣደፍን ድልድዩን ተሻገርን። በእኛ በእስላሞቹ ዘንድ ጮኾ ማልቀስ አይወደድም። ሰፈሩ ግን አስተምሮኛል፤ እዚህ ለቅሶ የሚጀመረው ድንኳን ውስጥ ገብቶ አይደለም፣ ከሩቁ ነው። ከግቢው በር ላይ ጀመርሁ።

«ጋሽ ወርቁዬ! የኔ አሳቢ! ሁለተኛ በመስኮት ብቅ አይሉም! ‹ትመለሳለህ አይደል› የሚል ማን ቀረን!»

ሰይድም እየተንሰቀሰቀ፣ ጋቢው ዓይኑን ጋርዶት፣ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ ያገኘው ሰው አንገት ላይ ተጠመጠመ። «ጋሽ ወርቁ ሞቱብን!» አለው።

«እኔ ነኝ እንዴ የሞትሁት?» አለ ሰውዬው።

ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው፣ በገመድ አስረው፣ በብብታቸው ይዘዋል።

ድንኳኑ በጩኸት ተሞላ። «እነሱ ናቸው!» «በስመአብ!» «ላኢላሃ ኢለላህ!» ሰው በሰው ላይ ወደቀ። በሰዎቹ መሃል አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የቤቴን በር ተደግፋ፣ ትንሽ ቦርሳ አቅፋ አየሁ። ዓይኔን አላመንሁትም።

«ኡሚ!»

ኡሚ ተነሣች። መጣች። አንድ ጥፊ አቀመሰችኝ። ከዚያ አቅፋ ያዘችኝና አለቀቀችኝም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባቡሩ ሲገባ እኔን ስታጣ፣ ሲገባ ስታጣ፣ ኡሚ አልቻለችም። ለንግድ ድሬዳዋ መመላለስ የለመደች ሴት ናት፣ ወረቀቷ የተሟላ ነው። ለማንም ሳትናገር ጫማዋን አድርጋ ባቡር ላይ ወጣች። አዲስ አበባ ስትደርስ መንገዱ ተዘግቷል፤ የአውሮፕላን ትኬት መሸጫው ፊት ቆማ አለቀሰች፣ አንድ ሰው አዝኖ ቦታውን ለቀቀላት። ሹም አቦ ገብታ በሬን አንኳኳች፣ የሚከፍት የለም። «ልጄ የት አለች?» ስትል ጎረቤቱ ሁሉ «ወደ እርስዎ መጣች እኮ!» አላት። እሷ ጮኸች፣ እነሱም ጮኹ። የአውቶቡሱ ረዳት ተፈልጎ «ኬላው ላይ ወረዱ» አለ። ከኬላው በኋላ ያየን የለም። ቀበሌው ደግሞ ጋሽ ወርቁን ጠርቶ «የፈረምህለት ሰው ኮበለለ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ሊያስሩኝ ነው» ብለው ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ይጠባበቁ ጀመር። ኡሚ «ኑ ግቡ፣ ከእኛ ቤት እረፉ» ብትባል «ከልጄ ደጅ አልነሣም» አለች። ዝናቡ መጣ። እትዬ ጥሩነሽ ታዲያ እንግዳ ደጅ ላይ በስብሳ አትሞትም ብለው የዕድሩን ድንኳን እላይዋ ላይ አስተከሉ።

ሁሉንም ተናዘዝን። ኬላውን፣ በርበሬውን፣ ጋሪውን፣ ዓባይ ማዶን። ጋሽ ወርቁ «ይማርሽ ያልሁት አንቺን ነው?» ብለው ጮኹ። ብርድ ልብሳቸውን ፈትተው ዘረጉት፣ ላዩ ላይ ተቀመጡና ሳቁ። ሳይጨነቁ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። እትዬ ጥሩነሽ «ያን ሁሉ እንባ በነጻ አስጨርሳችሁን!» ብለው ከተቆጡ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ «በርበሬዬስ?» አሉኝ።

ከሁሉ የተቆጣችው ኡሚ ናት። «ልጄ፣ ሰው ከጅብ ይደበቃል፣ ከዝናብ ይደበቃል። ከሸኘው ሰው የሚደበቅ አይቼ አላውቅም! በላሽ፣ ተመረቅሽ፣ አውቶቡስ አመለጠሽ፣ ተመለስሽ፤ ምን አለበት? እንደ ሰው ‹ተመለስሁ› አይባልም?» ትላለች። ምጥ እስኪይዘኝ ድረስ ይህን ነው የሰማሁት። ምጡ ሲይዘኝ ግን ዝም አለችና እጄን ያዘች። ኡሚ አለቀቀችኝም፣ እትዬ ጥሩነሽም በሌላው በኩል አለቀቁኝም። ሴት ልጅ ወለድሁ፣ እዚያው ሹም አቦ፣ በእናቴ እጅ። ፈርቼው የነበረውን ያህል ደስታ አገኘሁ፣ አልሃምዱሊላህ።

አርባው አለፈ። ኡሚ ሱቋ ተዘግቶ ከርሟል፣ መሄድ አለባት። «ጫማዬን አድርጌ ሹልክ ልበል» አለችኝ። ሹልክ ማለት የት አለ! እትዬ ጥሩነሽ ደርሰውበታል። ሁለት በግ ታረደ። ሊቀመንበሩም መጡ፣ ተናገሩ፣ በሉ። አዲስ በርበሬ መጣ፣ ለዚያው ለፍንጭቱ ልጅ። ያችም ጎረቤቴ ዓሳ ይዛ መጣች፤ ኡሚ ሳትስቅ ተቀበለቻት። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሴቶቹ አለቀሱ። ያቺ ለማንም ሳትናገር የመጣች ሴት እትዬ ጥሩነሽ አንገት ላይ ተጠምጥማ ስትነፋረቅ አየኋት። በማለዳ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄደን አሳፈርናት። እኔ ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ ዋልሁ።

ከቀትር በኋላ አክስት ዘይነባ መጡ። ከቤታቸው ብዙም የማይወጡ ሴት ናቸው። ሰው አለመኖሩን አይተው «ልጅሽን አዝለሽ ነይ። ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ።

ልጄን አዝዬ ድልድዩን ተሻገርሁ። የአክስት ዘይነባን ጓዳ ስከፍት ኡሚ ከበርበሬ ጆንያዎች መሃል ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች።

«አውቶቡሱ ኬላው ላይ ተበላሸ» አለችኝ። «ምን ላድርግ? በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ተመርቄ፣ በምን ዓይኔ ልመለስ?»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «ኡሚ፣ እንደ ሰው ‹ተመለስሁ› አይባልም?» አልኋት።

«ዝም በዪና በሩን ዝጊ» አለችና ልጄን ከጀርባዬ ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

አውቶቡሱ በማግስቱ ተጠግኖ ሄደ። ኡሚ ግን ዓባይ ማዶ ከረመች፤ «አሁን ብሄድ ሰው ያየኛል» ትላለች፣ ልጄን አቅፋ፣ ዓሳውን እያበሰለች። እኔም በየቀኑ ልጄን አዝዬ ድልድዩን እሻገራለሁ። ሹም አቦ ይህን እስከ ዛሬ አላወቀም፤ እናንተም አትንገሩብን።